የያሰን ፊት አራት እጀታዎች

ለምራቴ

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? ያ ወንበርሽ ወገብሽን መቁረጡን ተወ ወይስ እንደ ፊተኛው ነው? እኔ ደህና ነኝ። ምድጃዬ ይነዳል፣ እንጨቴ እስከ መጋቢት ያደርሰኛል፣ ጉልበቴም በረዶ ሊጥል ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። እጄ ያው እንደምታውቂያት ናት። ይህን ደብዳቤ በብዕር ጀምሬው ሦስት ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ በኮምፒውተሩ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ ነው የምጽፈው። ፊርማዬን ብቻ በእጄ አደርገዋለሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ራዳ በብዙው ሰላም ትልሻለች። ለክረምት ካኮመጠጠችው ጥቅል ጎመን ማሰሮዋ አንድ ትልቅ ራስ ላንቺ ብላ ለይታ አስቀምጣለች፤ ማንም እንዳይነካው ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭናበታለች። ማንን እንደፈራች አላውቅም፤ ከኔ በቀር የሚገባባት የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። በስልክማ አንቺ "ጋሽ ዶብሪ፣ በልተዋል?" ትያለሽ፣ እኔ "በልቻለሁ" እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም። ዓመት ሙሉ እንዲህ ከረምን። አሁን የምነግርሽ ነገር ደግሞ ድምፅሽን እየሰማሁ አይወጣኝም።

ነገሩ ይህ ነው። የፊታችን ማክሰኞ የያሰን ሙት ዓመት ነው። በዚህ በትሮያን ከተማ አርባ ዓመት ሙሉ የሟቹን ሁሉ ፎቶ በጥቁር ጠርዝ ከብቤ ያተምኩት እኔ ነኝ። ለቀብሩም፣ ለአርባውም፣ ለመንፈቁም፣ ለሙት ዓመቱም። ከድልድዩ ምሰሶ እስከ ዳቦ ቤቱ በር የሚለጠፈው ወረቀት ሁሉ ከኔ ሱቅ የወጣ ነው። የአንድ ልጄን የሙት ዓመት ወረቀት ሌላ ሰው ከሠራው ሱቁን ዘግቼ ቁልፉን ወንዝ እከተዋለሁ ብዬ ምዬ ነበር። እጄ ደግሞ እምቢ አለችኝ። ከገና ወዲህ ሲያብሰለስለኝ የከረመው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ግን የቆየ ዕዳ አለብኝ፤ የአፍ ዕዳ። ያሰን አንቺን ሊያገባ ሲል "ምን ትሠራለች?" አልኩት። "መሥሪያ ቤቷ ፎቶ ማስተካከያ ይሠራል" አለኝ። "ፕሮግራም ነው?" ስለው፣ "ሙሉ ፕሮግራም አይደለም አባባ፣ ሌሎች ፕሮግራም ሠሪዎች ወስደው በራሳቸው ሥራ ውስጥ የሚገጥሙት ክፍል ነው" አለኝ። "እሺ፣ እሷስ የክፍሉን ምኑን ነው የምትሠራው?" አልኩት። ልጄ ትንሽ አፍሮ፣ "ፎቶው ጥግ ላይ ያሉትን ትንንሽ ካሬዎች" አለኝ። ኧረ ምን ልበልሽ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። "አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ ካሬ?" አልኩት። ከዚያ ወዲያ በስምሽ ጠርቼሽ አላውቅም። "ካሬዋ እንዴት ናት?" ነበር የምለው። እሱ ይቆጣኝ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም።

በሠርጋችሁ ቀንም እንደ ወጉ ዳቦና ጨው ይዤ በር ላይ ስቀበልሽ ጎንበስ ብለሽ "አባባ" ብትይኝ፣ "አባባ የሚለኝ አንድ ልጅ አለኝ፤ አንቺ ጋሽ ዶብሪ በይኝ" አልኩሽ። በሰው ፊት! አፌን ይቁረጠው። አንቺም "እሺ ጋሽ ዶብሪ" አልሽ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላዛነፍሽም።

አሁን ስለ እጄ ልንገርሽ። መንቀጥቀጥ የጀመረችው ካቻምና በልግ ላይ ነው። መጀመሪያ የተጎዳው የእትዬ ራዳ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሚንኮ ነው። የድሮው ፕሮግራሜ ላይ ፎቶው ዙሪያ ስምንት ካሬ ነበር፣ አንቺ እጀታ የምትያቸው። አራቱ ጥጉ ላይ ናቸው፤ በነሱ ስትጎትቺው ሰውየው እንዳለ ያድጋል። አራቱ ደግሞ ጎንና ጎኑ፣ ላይና ታቹ መሀል ላይ ናቸው፤ እነሱን ከጎተትሽ ሰውየው ይወጠራል። ሁሉም የምስር ፍሬ አያክሉም። ጥጉን ያዝኩ ብዬ ጎኑን ይዤ ኖሮ ሚንኮ እንደ ዱባ ሰፋ። እትዬ ራዳ ወረቀቱን ይዛ ሱቄ ድረስ መጣች። "አንተ ዶብሪ!" አለችኝ። "እኔ አርባ አምስት ዓመት አብልቼ ማወፈር ያቃተኝን ሰውዬ አንተ ባንድ ቀን ጠዋት አወፈርከው? ምን አበላኸው?" ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን እጄን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየኋት። አልሳቀችም።

ከዚያ ያሰን በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ልቡ ቀጥ አለችበት። የቀብሩን ወረቀት ሎቬች ከተማ ያለ ማተሚያ ቤት ነው የሠራው፤ እኔ በዚያን ሳምንት ሰው አልነበርኩም። ለአርባው ግን እኔው ሠራሁት። እና እዚህ ላይ ነው የምናዘዝልሽ።

ያን ጠዋት መነጽሬ በእንባ ጭጋግ ለብሶ፣ እጄ እየተርገፈገፈች የልጄን ፎቶ ጎተትኩ። ሠላሳ ቅጂ አተምኩ። አንዱን አንቺ በርሽ ላይ እንድትለጥፊው በጠዋቱ አውቶቡስ ላክሁልሽ፤ ሌላውን ሙጫ ይዤ ዞሬ ለጠፍኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ድልድዩ ጋ ቀና ብዬ አየሁ። ያሰን አይደለም። ፊቱ ሰፍቷል፣ ጆሮና ጆሮው ተራርቋል፣ አንድ የማላውቀው ሰው በልጄ ዓይን ያየኛል። ወይ ነዶ! ሮጬ የልስን መፋቂያዬን ይዤ መጣሁ። ሙጫው በረዶ ሆኗል፤ ብፍቀው ብፍቀው እምቢ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔም ወረቀቱም እዚያው ምሰሶ ላይ ቀረን። አንድም ሰው አልነገረኝም። በሚንኮ የሳቁት ሁሉ ያን ጊዜ አጎንብሰው አለፉኝ፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

አንቺም ደወልሽና፣ "ደርሶኛል ጋሽ ዶብሪ፣ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አልሽኝ። ሌላ ምንም አልጨመርሽም። አላስተዋለችም፣ ተመስገን አልኩ። የመንፈቁን ግን መንካት ፈራሁና ሳላትመው አለፈ፤ ለሰው ቀለም አልቆብኛል ብዬ ዋሸሁ።

መስከረም ላይ ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ ሱቄ ገባሽ። ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ጋሽ ዶብሪ፣ ደንበኞቻችን እጀታዎቹ አነሱብን እያሉ ያማርራሉ። እንደ እርስዎ አርባ ዓመት ፎቶ ሲያስተካክል የኖረ ሰው አላውቅም። ሲሠሩ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ልይዎት?" እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ "ቁጭ በይና ተማሪ" አልኩሽ። ኩራቴን እዪልኝ!

ሦስት ቀን ተቀመጥሽ። ደብተርሽ ላይ ትጭሪያለሽ። በሁለተኛው ቀን እርሳስ ስትፈልጊ ከቦርሳሽ አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። የያሰን የአርባው ወረቀት ነበር። ፊቱ ላይ በማስመሪያ መስመር አስምረሽበታል፤ ምን ያህል እንደ ሰፋ ለክተሽ ቁጥሩን በጎኑ ጽፈሻል። ቶሎ ብለሽ አነሳሽው። እኔም ምድጃውን የምቆሰቁስ መሰልኩ። ያን ጊዜ ገባኝ። ከአርባው ወዲህ ያንን ወረቀት በርሽ ላይ አድርገሽ፣ ገብተሽ ስትወጪ የባልሽን የተበላሸ ፊት እያየሽ፣ እኔን ላለማሳፈር ዝም ብለሽ ኖርሽ። ሆድ ይፍጀው ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ ግን እላለሁ፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ይቅር በይኝ።

በሦስተኛው ቀን የተቆጣሁሽንም አልረሳሁትም። እጄን ትክ ብለሽ ስታዪ ደሜ ፈላና፣ "ሥራዬን ነው የምታዪው ወይስ እጄን?" ብዬ ጮህኩብሽ። አንቺ ቅንድብሽ እንኳ አልተነሳም። "ካሬዋን ነው የማየው ጋሽ ዶብሪ" አልሽ። "ምስር የምታክል ካሬ ሠርቶ ሰው ሁሉ ይያዛት የሚል ሰው ነው ጥፋተኛው። እሱም እኔ ነኝ።" ስንት ሐኪም አይቶኛል፤ ሁሉም ያሉኝ እጅህ ታማለች ነው። ካሬዋ ናት የታመመችው ያለኝ ሰው ካንቺ በቀር የለም። ያን ዕለት ማታ እራት አልበላሁም፤ ከቁጣ እንዳይመስልሽ።

ኅዳር ላይ ስትመለሺ ደግሞ ያን ረጅሙን ኢቫይሎን ይዘሽ መጣሽ። "የሥራ ባልደረባዬ ነው" አልሽ ገና ከመግባታችሁ። ማን ጠየቀሽ? ኮምፒውተሬ ላይ የጫናችሁትን ሥራ አሁን በደንብ ስለገባኝ እስቲ ልድገምልሽ፣ ተማሪሽ ምን ያህል እንደያዘ ተመልከቺ።

ወረቀቱ አንድ ሥዕል አይደለም፤ አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበረ ነው። ከታች ጥቁሩ ጠርዝ፣ ከላዩ ፎቶው፣ ከዚያ መስቀሉ፣ ከዚያ ጽሑፉ። ለጠርዙ ስምንቱንም እጀታ ተውሽለት፤ ጠርዝ ቢወጠር ማንም አያለቅስም። ከፎቶው ላይ ግን የጎኖቹን አራት እጀታዎች ነቅለሽ ጣልሻቸው፤ የጥጎቹ አራት ብቻ ቀሩ። እነሱንም የኮት ቁልፍ አሳከልሻቸው። መጀመሪያ ትልልቆቹ እጀታዎች ትንሹን ፎቶ ሸፍነውት ሟቹ አራት ቁልፍ ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ ወዲያው ወደ ውጭ ገፋሻቸው። ቀለማቸውንም አረንጓዴ አደረግሽው፣ ለዓይኔ ብለሽ።

ከዚያ ያ ክስተት የምትዪው ነገር። እጀታውን ስይዝ ፕሮግራሙ "ያዘ" ብሎ ይናገራል፤ ስጎትት "እየጎተተ ነው" ይላል፤ ስለቅ "ለቀቀ" ይላል። አንቺ በያንዳንዱ ቃል ላይ ዘበኛ አቆምሽበት። "ያዘ" ሲል አንዱ ዘበኛ ወዲያው አያምንም፤ እጄ እዚያው ስትንቀጠቀጥ እንዳልሰማ ዝም ይላል፤ ከልቤ ስጎትት ብቻ ነው የሚነቃው። "ለቀቀ" ሲል ደግሞ ሌላው ፊቱን ከመጀመሪያው ጋር ያስተያያል፤ ከተዛባ "አይሆንም" ብሎ ወደነበረበት ይመልሰዋል። የመጀመሪያ ቀን ይሄኛው ዘበኛ አብዝቶት ደህናውንም ፎቶ ሲመልስብኝ ዋለ። ወደፊት ስጎትተው እንደ ግትር በቅሎ ወደኋላ! "ይቺ ፕሮግራም ግትርነቱን ከአማትሽ ነው የተማረችው" ብል ሁለታችሁም በሳቅ ፈረሳችሁ። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቂ ያን ቀን ነው የሰማሁሽ። ኢቫይሎ እየሳቀ አስተካከለው፤ ሻይሽንም ሳይጠይቅሽ ማር ጨምሮ አቀበለሽ። አየሁ እንጂ ምንም አላልኩም።

አንቺ እትዬ ራዳ ቤት ደርሼ ልምጣ ብለሽ ስትወጪ ኢቫይሎን፣ "እነዚያ ያማረሩት ደንበኞቻችሁስ ደስ አላቸው?" አልኩት። "የትኞቹ ደንበኞች?" አለኝ። "ስለ እጀታው የጠየቀን ሰው አልነበረም ጋሽ ዶብሪ። እሷ ናት ሁለት ወር ከሥራ ሰዓት በኋላ እየተቀመጠች የሠራችው። ኋላ ግን አለቆቻችን አይተው ከዋናው ሥራ ጋር ቀላቀሉት። አሁን ሌላ አገር ያሉ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች እየተጠቀሙበት ነው፤ ትናንት አንዲት ሴትዮ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈችልን።" ከዚያ በሩን ገልመጥ አደረገና፣ "እንዳልነገርኩዎት ይሁን" አለኝ። እኔም እሺ ብዬው ነበር፤ ይኸው ቃሌን በላሁ። ውሸት አለመቻሉን ግን ወድጄለታለሁ።

አሁን ወደ ትናንት ልምጣ። ጠዋት ተላጨሁ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ፣ ሱቁን ከውስጥ ቆለፍኩ። የመታወቂያውን ፎቶ ተውኩት። አንቺ ያነሳሽውን፣ የፕሪሙ ዛፍ ሥር ጉንጩን በፕሪም ወጥሮ የሚስቅበትን አወጣሁ። በሙት ዓመት ወረቀት ላይ የሚስቅ ሰው አትሜ አላውቅም፤ ሰው የፈለገውን ይበል። ፎቶውን ጠርዙ ውስጥ አስቀመጥኩት። ትንሽ ነበር። የታችኛውን ቀኝ እጀታ ያዝኩ። እጄ ተንቀጠቀጠች። ምን ልንገርሽ፣ እንደዚያ ተንቀጥቅጣም አታውቅም። እጀታዋ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ጠበቀችኝ። ትንፋሼን ሰበሰብኩና ጎተትኩ። ልጄ አደገ። ጆሮው ከአገጩ ጋር፣ አገጩ ከዓይኑ ጋር፣ ያ በፕሪም የተነፋ ጉንጩም አብሮ፣ ሁሉም በልኩ አደገ። ለቀቅሁት። ዘበኛው ዝም አለ፤ የሚመልሰው አላገኘም።

ከዚያ ሆን ብዬ ላበላሸው ሞከርኩ። ግራ ጎተትኩት፣ ቀኝ ጎተትኩት፣ ጎኑን ፈለግሁ፤ ምንም! እጄ ተንቀጠቀጠች፣ ልጄ ግን አልተንቀጠቀጠም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እትዬ ራዳ ከውጭ "አንተ ዶብሪ፣ ክፈት! ሞተህ ከሆነም ንገረኝ!" እያለች በሩን ትደበድባለች። ከፍቼላት ሳሳያት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ያሰን ነው እኮ" አለች። "እራሱ ያሰን ነው።" ከዚያ ቅናቷን አልቻለችውም፤ "የኔንም ሚንኮ እንደገና ሥራልኝ" አለች። እሺ ብያታለሁ፤ በዚሁ ይከሳላታል።

ሠላሳ ቅጂ አትሜ ዛሬ ለጥፌ ጨረስኩ። ድልድዩ ምሰሶ ላይ፣ በዚያችው በድሮዋ ቦታ፣ ሁለት ለጠፍኩ። ያንቺን ግን በአውቶቡስ አልላክሁትም፤ ማክሰኞ በእጄ እሰጥሻለሁ።

ከታች ስም መጻፍ ነበረብኝ። "ከአባቱና ከባለቤቱ" ብዬ ጻፍኩ። ወጉ እስከ ሙት ዓመት እንዲህ ነው። ከሙት ዓመት በኋላ በኔ ሱቅ "ከቤተሰቡ" ብቻ ነው የሚጻፈው፣ "ከባለቤቱ" አይባልም፤ አርባ ዓመት እንዲሁ ስጽፍ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም። በቤቴ በር ላይ ያለውን የሐዘን ጥቁር ጨርቅ ማክሰኞ ከመቃብሩ ስንመለስ በእጄ አወርደዋለሁ። አንቺም የበርሽን አውርጂው። አስፈቅጄ ላውርደው እንዳትዪ፤ ይኸው ብያለሁ።

ማክሰኞ ስትመጪ ብቻሽን በአውቶቡስ አትንገላቺ። መኪና ያለው ሰው ያምጣሽ። ባለፈው ኢቫይሎ ጫማውን አውልቆ ቤቴ ሲገባ በልኩ የቤት ጫማ ጠፍቶ በካልሲ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ቆሞ ዋለ። የያሰን የቤት ጫማ መደርደሪያው ላይ ነበር። አንቺ አየሽውና ዓይንሽን ወደ መስኮቱ መለስሽ፤ እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ሌላ እንዳይመስልሽ፤ ያን ቀን ገና አልቻልኩም ነበር። ዛሬ ጠዋት አወረድኩት፣ አቧራውን አራገፍኩት፣ ምድጃው አጠገብ አኑሬዋለሁ። ቁጥሩ አርባ አራት ነው። ኢቫይሎ ያን ቀን በር ላይ ያወለቀውን ጫማ ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ እሱም አርባ አራት ነው።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክልሽ፤ ለኔ እጅ የሆንሽበትን እጅ። በሄድሽበት መንገዱ ይቅናሽ፣ ሳቅሽ አይጥፋ፣ ቤትሽ ሰው ይሙላው፤ የልጅ ጩኸት ካለም እኔን ጥሩኝ፣ እንቅልፍ እንደሆነ ድሮም የለኝም። መጥተሽ በሩን ስታንኳኪ "ማነው?" እላለሁ። ጋሽ ዶብሪ ብለሽ ከጠራሽኝ ግን አልከፍትልሽም።

አባትሽ